ማይክሮዌቭን ያስገኘው የገጠር ልጅ - ፐርሲ ስፔንሰር



ባለፈው ወር እኔ ቤት ማይክሮዌቩ ቀጥ አለ። ልጄ የትናንት ወጥ ሊያሞቅ በሩን ሲከፍት ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው መብራቱም ሰዓቱም ድርግም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከቁጥር በቀር የምጠግነው ነገር የለኝም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት የኖሩትን ጎረቤታችንን ጠራኋቸው። እሳቸው ሣጥኑን ሲፈቱ ልጄ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያይ ቆየና ይህን ነገር መጀመሪያ የሠራው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጎረቤታችን ወደ እኔ አዩ፣ እኔም ወደ እሳቸው አየሁ። ሁለታችንም አናውቅም! አስተማሪ ተብዬ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ አንብቤ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። የኛ ማይክሮዌቭ ምን እንደሆነም መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ፐርሲ ስፔንሰር ይባላል። በ1894 በአሜሪካ በሜይን ግዛት፣ ሃውላንድ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደ። ሜይን የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ናት፤ ደን የበዛባት፣ ክረምቷ የሚያንቀጠቅጥ አገር። ፐርሲ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። እናቱም ለአክስቱና ለአጎቱ ሰጥታው ሄደች። እነሱ እንደ ልጃቸው ያዙት፤ ግን ሰባት ዓመት ሲሆነው አጎቱም ሞተ። አሁን እንግዲህ አክስትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

ገንዘብ አልነበረም። ፐርሲ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ የክር ማጠንጠኛ እንጨት የሚሠራ ፋብሪካ ገባ። ሥራው ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። እስቲ አስቡት፤ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ፊደል ተማሩ ስንል እንኳ የሚያኮርፍ አለ፤ ስም አልጠራም።

አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ወሬ ሰማ። በአካባቢው ያለው የወረቀት ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሊያስገባ ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ በዚያ ገጠር ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ፐርሲም አያውቅም። ግን ስለ ኤሌክትሪክ ያገኘውን ሁሉ አነበበና ሥራ ስጡኝ ብሎ ቀረበ። ኤሌክትሪኩን እንዲዘረጉ ከተቀጠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። መምህር የለው፣ ዲፕሎማ የለው፤ ሽቦውን በእጁ እየነካ፣ እየሞከረ ነው የተማረው።

በ1912 ታይታኒክ የተባለችው ትልቅ መርከብ ሰጠመች። ይህን ታሪክ በፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። ከመርከቧ የሬዲዮ ሠራተኞች እርዳታ ሲጠሩ ሌላ መርከብ ሰምቶ ደረሰ፤ ሰባት መቶ ያህል ሰዎችም ዳኑ። ፐርሲን የገረመው መርከቧ ሳትሆን ሬዲዮኑ ነው። ሽቦ በሌለበት፣ በሌሊት፣ በባሕር መሐል ድምፅ እንዴት ይሻገራል? ይህን ለማወቅ ሲል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባ። በዚያም የመማሪያ መጻሕፍት እየገዛ፣ ሌሊት ለጥበቃ በቆመበት ጊዜ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለብቻው አጠና። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ያልረገጠ ልጅ ነው እንግዲህ!

በ1920ዎቹ ሬይቲዮን የሚባል አዲስ ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረ። ኩባንያው በ1922 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲቋቋም ስሙ ሌላ ነበር፤ ሬይቲዮን የተባለው በኋላ ነው። ስፔንሰር እዚያ ለሬዲዮ የሚሆኑ፣ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ላይ ይሠራ ነበር። አዲስ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ መፍታት፣ መጠየቅ፣ እንደገና መግጠም ነው።

ከዚያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1940 እንግሊዞች መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ማግኔትሮን የምትባል ዕቃ በምስጢር ወደ አሜሪካ አመጡ። ማግኔትሮን በጣም አጫጭር የሬዲዮ ሞገዶችን ታመነጫለች። ሞገዱ ሄዶ አውሮፕላን ሲነካ ይመለሳል፤ በዚህም የጠላት አውሮፕላን በጨለማና በጭጋግ ውስጥ ሳይቀር የት እንዳለ ይታወቃል። ራዳር የሚባለው ይህ ነው። ችግሩ ግን አንዷን ማግኔትሮን ለመሥራት ጎበዝ ባለሙያ ድፍን መዳብ ይዞ ለረጅም ሰዓት በጥንቃቄ መቦርቦር ነበረበት። ጦርነቱ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ይፈልጋል።

ስፔንሰር ሌላ መንገድ አሰበ። ድፍኑን መዳብ ከመቦርቦር ይልቅ ስስ የመዳብ ቅጠሎችን እንደ ብስኩት በቅርጽ ቆርጦ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ፣ በምድጃ ውስጥ ማጣበቅ። እናቶቻችሁ አምባሻ ሲጋግሩ አይታችሁ ከሆነ፣ አንድ በአንድ በቢላ መቅረጽና በቅርጽ ማውጫ ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚለያዩ ታውቃላችሁ። በጦርነቱ መጨረሻ ገደማ ኩባንያው በቀን 2,600 ማግኔትሮኖችን ያወጣ ነበር። ለዚህም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሲቪል ሰዎች ከሚሰጣቸው ከፍተኛ ሽልማቶች አንዱን ሰጠው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ።

በ1945 ስፔንሰር በመሥራት ላይ ካለች ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የያዘው በለውዝ የተሠራ ጣፋጭ ቀለጠ። ኪሱ ተጨማለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱን ጠርጎ ይሄድ ነበር። እንዲያውም ከእሱ በፊት ከእነዚህ መሣሪያዎች አጠገብ ሙቀት የተሰማቸው ሰዎች ነበሩ ይባላል። እሱ ግን ለምን ቀለጠ ብሎ ጠየቀ። ምን አስመጣ መሰላችሁ? የበቆሎ ፍሬ! ማግኔትሮኗ አጠገብ ሲያስቀምጠው በቆሎው ጧ ጧ እያለ ክፍሉን ሞላው። ቡና ሲፈላ የምትበሉት ፈንዲሻ ማለት ነው። ቀጥሎ እንቁላል አመጡ። እንቁላሉ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ የሥራ ባልደረባ ለማየት ጠጋ አለ፤ እንቁላሉም ፈንድቶ ፊቱ ላይ ተለጠፈበት። ይህን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ፤ ውስጡ ያለው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ነው የሚፈነዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ቤታችን ያለው ማይክሮዌቭ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሞገዱን ለመከተል ወዲያ ወዲህ ሲሉ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ምግቡም ይሞቃል። ስፔንሰር ሞገዱ ወዲያ ወዲህ እንዳይበተን በብረት ሣጥን ውስጥ አስገባው። ለዚህ ሐሳብ በጥቅምት 1945 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በጥር 1950 ተሰጠው።

በ1947 የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ራዳሬንጅ ይባላል። ቁመቱ ከማቀዝቀዣ አያንስም፤ ክብደቱ 340 ኪሎ ያህል ነው፤ ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር፤ ማግኔትሮኗን ለማቀዝቀዝም የውኃ ቧንቧ መዘርጋት ያስፈልግ ነበር። የገዙት ትልልቅ ምግብ ቤቶችና መርከቦች ናቸው። በ1955 ለቤት የሚሆን በ1,295 ዶላር ወጣ፤ ገዢው ጥቂት ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ 495 ዶላር የሚሸጠው በ1967 መጣ፤ እሱ ነው ወደ ቤት ሁሉ የገባው።

ስፔንሰር ለዚህ ፈጠራ ምን ያህል ተከፈለው? እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ መጀመሪያ የፈለግኩት ይህን ነው። ሁለት ዶላር! ኩባንያው ለማንኛውም ሠራተኛው ፈጠራ የሚከፍለው ያንኑ ነበር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ሰውየው አልተረሳም፤ የኩባንያው ከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንትና የቦርድ አባል ሆኗል፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ቢሆንም ሁለት ዶላር እስከ ዛሬ ከንክኖኛል። በመስከረም 1970 በሰባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። በ1999 በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ላይ ስሙ ተጻፈ።

እንግዲህ ወደ እኛ ቤት ልመለስ።

ጎረቤታችን መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ። ሣጥኑን ፈትተው ወዲያው ምንም አልነኩም። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። እሳቸው በመሣሪያ ያንን ኃይል ካስወጡ በኋላ ነው እጃቸውን ያስገቡት። ስለዚህ ልጆች፣ ማይክሮዌቭ ተነቅሏልና አይጎዳም ብሎ መክፈት የለም። አባትም አይክፈት! የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ።

ፊውዟ የጣት አንጓ የምታህል ነጭ ቱቦ ናት። በውስጧ ስስ ሽቦ አለ፤ ኃይል ሲበዛ ሽቦው ይቀልጥና መሥመሩ ይቆረጣል። ጎረቤታችን በቴስተር ሲለኳት ተቃጥላለች። ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ አዲስ ፊውዝ ገዝተን ገጠሙ። ሠራ፤ አጨበጨብን። ልጄ በሩን ሲከፍት ጧ! እንደገና ጠፋ። ለካ ጥፋቱ የፊውዟ አልነበረም። በሩ ሲከፈት ኃይሉን የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ተበላሽቶ ኖሯል። እሱ ሳያቋርጥ ሲቀር፣ ሞገዱ ወደ ሰው እንዳይወጣ ሌላው ማብሪያ ማጥፊያ ሆን ብሎ ፊውዟን ያቃጥላታል። እኛ ፊውዟን ስንወቅስ እሷ እኛን ስትጠብቅ ነበር! ሁለቱም ማብሪያ ማጥፊያዎች ተለወጡ፤ ፊውዟም ለሁለተኛ ጊዜ።

ጎረቤታችን እግረ መንገዳቸውን ቴርሞስታቱንም አሳዩን። ማግኔትሮኗ ላይ የተለጠፈ፣ ሳንቲም የሚመስል፣ ሁለት ጆሮ ያለው ነገር ነው። አየር ማስገቢያው በአቧራ ሲደፈን ማግኔትሮኗ ትግላለች፤ ያኔ ቴርሞስታቱ መሥመሩን ይቆርጣል። ቀዝቅዞም ካልዘጋ ተበላሽቷል ማለት ነውና ላዩ ላይ የተጻፈው የሙቀት ቁጥር አንድ በሆነ ይለወጣል። አንዳንድ ሰው ለጊዜው ብሎ ሁለቱን ጆሮዎች በሽቦ ያገናኛል፤ ያ ቤት ማቃጠል ነው አሉን።

ስለዚህች ሳንቲም ሳነብ ደግሞ ምን አገኘሁ? ስፔንሰር የሚለው ስም በዚያ ሣጥን ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። ጆን ስፔንሰር የሚባል ሰው በልጅነቱ እዚያው ሜይን ውስጥ በእንጨት ፋብሪካ የምድጃ እሳት ይጠብቅ ነበር። የምድጃው የብረት መዝጊያ ሲግል ጧ ብሎ ይጎብጣል፣ ሲበርድ ጧ ብሎ ይመለሳል። ልጁ ድምፁን እየሰማ እንጨት ይጨምራል። ሲያድግ ከዚያ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚጎብጥ፣ ሲበርድ የሚመለስ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ክብ ቴርሞስታት ፈጠረ። ያን ቴርሞስታት ለገበያ እንዲያበቃ ከረዱት መካከል ሁለቱ፣ ሎረንስ ማርሻልና ቫኔቫር ቡሽ፣ በኋላ ሬይቲዮን የተባለውንም ኩባንያ ከመሠረቱት ናቸው።

የኛ ማይክሮዌቭ አሁን ይሠራል። ልጄ በሩን በከፈተ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ነው።

የቤት ሥራ፦ ማይክሮዌቫችሁ በሩ ላይ ወይም ከኋላው ወረቀት ተለጥፎበታል። ስንት ዋት እንደሆነ አንብቡና ቁጥሩን በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡ። ከኋላው ያለውን ለማየት ትልቅ ሰው ያዙርላችሁ።