ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የጀርመን ሸክላዎቻቸው

መሰንቆን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ከመራዊ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም እስከ ፍኖተ ሰላም በሠርግ ቤት ሆነ በጠጅ ቤት አዝማሪ የማይሰማበት ሰፈር ጥቂት ነው። ነገር ግን የአማርኛ ግጥም ከመሰንቆ ጋራ ተቀርጾ በሸክላ ታትሞ ለገበያ የወጣው በመጀመሪያ በማን ድምፅ እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል መልስ የሚሰጠው በጣት የሚቈጠር ይመስለናል። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ታሪክ ለማቅረብ ወደድን። ከሹመታቸው ይልቅ ስለ ሸክላዎቻቸው በረዥሙ እንናገራለን፤ ሹመት የነበራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ድምፃቸው የቀረልን ግን ጥቂቶች ናቸውና።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር አገር ተወለዱ። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ የሠራው በ1870 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ሰውየውና መሣሪያው እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። በወጣትነታቸው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገቡ። በዚያም በጨዋታ አዋቂነታቸው፣ በግጥማቸውና በመሰንቆአቸው ታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን አዝማሪነት ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነበር። ሰው ሁሉ አዝማሪውን እየወደደ፣ እየሸለመ፣ ሙያውን ግን ይንቅ ነበር። አዝማሪ ብሎ መጥራት እንደ ስድብ የሚቈጠርበት ጊዜም ነበረ። የተሰማ መተዳደሪያ መሰንቆ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው መሰንቆ ይዞ በሰው ፊት ሲቀመጥ ከጥቂት ድፍረት ጋራ ነው። ይህን ድፍረታቸውን ከግጥማቸው አሳንሰን አናየውም።

ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት እንግዳ አልነበረም። በ1890 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በፎኖግራፍ ተናግራ ላከች። ንግሥቲቱ ድምፅዋ ከተሰማ በኋላ የተቀረጸበት ነገር እንዲጠፋ አዝዛ ስለ ነበረ እንደ ታዘዘው ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን ተናገሩ፤ የእነርሱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አለ። ከዚህም ሌላ በ1898 ዓ.ም. ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ጓድ የአገሩን ሰዎች ዘፈን በሰም በርሜል ላይ ቀርጾ ሄዷል። እንግዲህ ተሰማ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ፈጽሞ የመጀመሪያው ተቀራጭ ነበሩ አንልም። ያለፉት ግን አንድም የነገሥታት መልእክት፣ አንድም የሊቃውንት ጥናት ነበሩ። ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ፣ በየቤቱ የሚሰማ ሸክላ ያበረከቱት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ተሰማ ናቸው።

ወደዚህ ያደረሳቸው ሙዚቃ ሳይሆን መኪና መሆኑ ያስገርማል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊና ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ እያንዳንዳቸው አውቶሞቢል ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዐፄ ምኒልክ አዲስ ነገር የሚወዱ ንጉሥ ስለ ነበሩ በመኪናው ተደሰቱ፤ ነገር ግን የሚነዳውና የሚጠግነው የአገር ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ተሰማ እሸቴ መንዳትና ጥገና እንዲማሩ በ1908 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ እስከዚያ ድረስ በበቅሎ ተጕዞ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ቀጥሎ በመርከብ ባሕሩን መሻገር ነበረበት።

በጀርመን አገር ከሞተር ጋራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሰነብቱ፣ የሸክላ ነጋዴዎች ድምፃቸውን ሰምተው ቀረጿቸው። ነጋዴዎቹ ይህን ያደረጉት ለኢትዮጵያ ፍቅር ብለው አይደለም። በዚያን ዘመን የአውሮፓ ሸክላ አምራቾች ከካይሮ እስከ ሕንድ ድረስ በየቋንቋው ዘፈን ይቀርጹ ነበር፤ ሸክላ የገዛ ሰው ማጫወቻውንም ይገዛልና።

አሁን ውድ አንባብያን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን እንይ። ማይክሮፎን ገና አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ ኃይል መቅረጽ የተጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። በግድግዳው ላይ አፉ ሰፊ የሆነ የቆርቆሮ ጡሩምባ ይተከላል። ዘፋኙ ወደ ጡሩምባው አፍ ተጠግቶ ይጮኻል። ድምፁ በጡሩምባው ጫፍ ያለውን ስስ ገበታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ገበታውም መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌው በሚዞረው የሰም ገበታ ላይ ቀጭን መስመር እየቦረቦረ ይሄዳል። ሌላ ኃይል የለም፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የሰውየው ትንፋሽ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወደ ኋላ ሸሸት፣ ሲያለዝብ ወደ ፊት ጠጋ ማለት አለበት። ቢሳሳት ሰሙ ይጣላል፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው ነው። ያም ሁሉ የሚፈቀደው ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሸክላው ቦታ የለውም።

በዚህ ጡሩምባ ፊት ሁሉም መሣሪያ እኩል አልነበረም። ወፍራም ድምፅ ወደ መርፌው ሳይደርስ ይቀራል፤ በጣም ቀጭኑም እንዲሁ። ቫዮሊን እንኳ ደክሞ ስለሚሰማ፣ ስትሮህ የተባለ ሰው በእንጨቱ ሆድ ፈንታ የብረት ጡሩምባ የተገጠመለት ቫዮሊን እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። ቤትሆቨን የደረሰው አምስተኛው ሲምፎኒ በ1906 ዓ.ም. በበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ፣ በአርቱር ኒኪሽ መሪነት ሲቀረጽ ስምንት ገጽ ሸክላ ፈጀ፤ አድማጩ በየአራት ደቂቃው እየተነሣ ሸክላ መለወጥ ነበረበት። ኦርኬስትራውም በሙሉ ቍጥሩ በጡሩምባው ፊት መሰለፍ አልቻለም። ያንን ሸክላ የሚሰማ ሰው የቤትሆቨንን ሥራ ሳይሆን የሥራውን ጥላ ይሰማል ብንል አንሳሳትም። ለጡሩምባው የተመቸ ብቻውን የሚዘፍን ሰው ነበር። ጣልያናዊው ኤንሪኮ ካሩሶ በ1894 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ አሥር ዘፈን ተቀርጾ ዝናው ዓለምን የዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ አንድ ሰው፣ አንድ መሰንቆ፣ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር። ከዚህ የበለጠ ለጡሩምባው የሚስማማ ነገር የት ይገኛል? የመሰንቆ ድምፅ ከሰው ድምፅ እምብዛም አይርቅም፤ ዘፋኙን እንደ ጥላ ይከተለዋል። በዚያ ቀን ተሰማ በገና ይዘው ቢገቡ ኖሮ አሥሩ አውታር ሁሉ ባዶ ጩኸት ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ በመሣሪያ ረገድ የተሰማ ሸክላዎች በዘመናቸው ከነበሩት ከታላላቆቹ የኦርኬስትራ ሸክላዎች ይልቅ ለዋናው ነገር የቀረቡ ናቸው ብለን እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ የአገር ልጅ ስለ ሆንን ያደላን የሚመስለው ሰው ካለ ሁለቱን አስቀምጦ ይስማ።

የጐደለው ሌላ ነው። አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ግጥም የሚሰጠው ሰው ከፊቱ አለ፤ አዝማሪው ይቀበላል፣ ያሳምራል፣ ይመልሳል፤ ቤቱ ይስቃል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ የተነካው ሰው ይቈጣል። አንድ ጨዋታ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። ጀርመን አገር ግን ከተሰማ ፊት የተቀመጠው የቆርቆሮ አፍ ነበር። ከአጠገባቸው የቆሙት ሠራተኞች ከአንድ ቃል ሌላ ቃል አይለዩም፤ የሚመለከቱት ሰዓታቸውን ነው። ለሚሰማው ጆሮ ሁለት ትርጕም ያለው ግጥም አንዱንም ትርጕም ለማያውቅ ሰው ሲነገር፣ ገጣሚው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሌሊቱን የሚፈጀው ነገር በሦስት ደቂቃ ተቈረጠ። በሸክላው ላይ ጨዋታው ሞቅ ማለት ሲጀምር ማለቁ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዘፋኙን የሚያስወቅስ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ያስደስታል። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤት ያለፈ አባት ያለው ተማሪ ሁሉ ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ ቤት እንደ መጣ ያውቃል፤ አንጥረኛው መልኩን በሰም ያበጃል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። የሸክላ ሠሪዎቹም ሥራ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የተቦረቦረውን ሰም ጥቁር ዱቄት ቀብተው፣ በኤሌክትሪክ መዳብ አልብሰው፣ መዳቡን ገፍፈው ማተሚያ ያደርጉት ነበር። እንግዲህ የተሰማ ቅኔ መጀመሪያ ያረፈው በእውነተኛ ሰም ላይ ነው። የታተመበትም ነገር ሕንድ አገር ከሚገኝ ትንሽ ነፍሳት ከሚወጣ ሙጫና ከደንጊያ ዱቄት የተቀላቀለ፣ ጥቁርና ቢወድቅ የሚሰበር ነገር ስለ ነበረ፣ ሕዝባችን ሸክላ ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ማን እንዳወጣው ባይታወቅም፣ ጥሩ አድርጎ አውጥቶታል።

እነዚህን ሸክላዎች ዛሬ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ነው። ያንን ታግሦ ማለፍ ያስፈልጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጆሮ ካፊያውን ይረሳውና ሰውየውን ይሰማል። የድምፃቸውን ቅጥነትና ውፍረት ግን ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። በዚያን ዘመን ሸክላው በደቂቃ የሚዞርበት ቍጥር በሁሉም ዘንድ አንድ አልነበረም፤ ሲቀረጽ በዘገየ ፍጥነት ከነበረ፣ በ78 ዙር ሲጫወት ዘፋኙ የሚጣደፍና ድምፁ የቀጠነ ይመስላል። ብዙዎች የጥንት ዘፋኞች ሁሉ ቀጭን ድምፅ ነበራቸው የሚሉት አንዳንዴ ከማጫወቻው ጥፋት ነው።

ተሰማ በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲመለሱ ዐፄ ምኒልክ ታመው ተኝተው ነበር። በልጅ ኢያሱ ዘመን ግን ተሰማ የወጣቱ መስፍን ወዳጅ ሆኑ፤ ነጋድራስም ተባሉ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴ አለቃ፣ የገበያና የቀረጥ ኀላፊ ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ታላቅ ገቢና ታላቅ ክብር ያለበት ማዕርግ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ፣ ለወዳጆቻቸውም ዘመኑ ጨለመ። ነጋድራስ ተሰማም ከቤተ መንግሥቱ ጨዋታ ራቁ። ስለዚህ ወራት ብዙ የምንለው የለም፤ ከንጉሥ ጋራ የወጣ ከንጉሥ ጋራ መውረዱ በታሪካችን የተለመደ ነው።

ከዚህ በኋላ ቤታቸው በሌላ መንገድ ታወቀ። በ1914 ዓ.ም. በጅማ ልጃቸው ይድነቃቸው ተወለዱ። እኒህ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ካሠለጠኑት አንዱ የሆኑት፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ናቸው። ኳስ ሜዳ ላይ የምናውቀው ስም ከመሰንቆ ጋራ ዝምድና እንዳለው ስንነግራቸው ብዙ ጓደኞቻችን አላመኑንም። አዲስ አበባ ላይ ዋንጫው ሲነሣ አባትየው በሕይወት ነበሩ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1964 እ.ኤ.አ. ሞቱ። ዕድሜአቸው ከሰማንያ አምስት አልፎ ነበር። በበቅሎና በመርከብ ተጕዘው ጀርመን ከደረሱበት ቀን እስከዚያ ድረስ፣ ጡሩምባው በማይክሮፎን፣ ሰሙ በማግኔት ክር ተተክቶ፣ በአዲስ አበባ በየቤቱ ራዲዮ ገብቶ ነበር። በሸክላ ላይ የቀረው ድምፃቸው ግን ለረዥም ዘመን በጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ገደማ፣ ከተቀረጸ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛ ክፍል ሆኖ በሲዲ ታተመ። ካፊያው አሁንም አብሮት አለ።