አውሮፕላን ያልጣላቸው ሰይድ መሐመድ በኢንፍሉዌንዛ ሞቱ

የሃይማኖት መሪው፣ ባለቅኔውና ተዋጊው ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ከእንግሊዝ፣ ከጣሊያንና ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ለሃያ ዓመታት ያህል ሲፋለሙ ቆይተው ሕይወታቸው ያለፈው በጥይት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ የተወለዱት ሰይድ መሐመድ በአባታቸው የኦጋዴን ጎሣ ተወላጅ ናቸው። ከመካ ሲመለሱ የሳሊሂያን ሥርዓት በበርበራ አስተማሩ፤ በ1899 ደርቪሽ የተባሉ ተከታዮቻቸውን አስነሱ። በመጋቢት 1900 የኢትዮጵያ ጦር የመሐመድ ሱቤር ጎሣን ግመሎች መውሰዱን ተከትሎ ጅጅጋ የሰፈረውን የግራዝማች ባንቴን ጦር ወጉ። በእሾህ የታጠረውን ሠፈር ግን መስበር አልቻሉም፤ ብዙ ሰውም አለቀባቸው። የኋላ ኋላ በጉምቡሩና በዱል ማዶባ እንግሊዞችን ድል ነሥተዋል። ግጥሞቻቸው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ ከጦራቸው ቀድመው ይደርሱ እንደነበር ልብ ይሏል።

በ1920 መጀመሪያ እንግሊዞች አሥራ ሁለት አውሮፕላኖች አሰማርተው ምሽጎቻቸውን ደበደቡ። ሰይድ መሐመድ አምልጠው ወደ ኦጋዴን ተሻገሩ። በዚያም ወረርሽኝ ተከታዮቻቸውን ፈጀ፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት መጨረሻ በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ በምትገኘው ኢሚ አረፉ። የሞታቸው ምክንያት ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ ተመዝግቧል። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታም ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

ጉንፋን የሚመስል ሕመም ጎልማሳ ተዋጊን እንዴት ይገድላል? ቫይረሱ የአየር ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ሲጎዳ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። በዚህ ጊዜ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። በሽተኛው አየር ቢስብም ኦክስጅን ወደ ደም አያልፍም። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ያጥራል፤ ከንፈሩና ጥፍሩም ይጠቁራል።

የትንፋሽ ማጠር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ከሳንባ ምች ሌላ አስም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ድካምና የደም ማነስ ያመጡታል፤ ጭስ በሞላበት ጎጆ ለዓመታት ምግብ ያበሰሉ እናቶችም ይጠቃሉ። ተኝተው የሚብስና እግር የሚያሳብጥ ከሆነ ልብን፣ ሌሊት እያፏጨ የሚመጣ ከሆነ አስምን መጠርጠር ይገባል። ተቀምጠው ሳሉ የሚያጥር፣ ለመናገር የሚያዳግት ወይም ከደረት ሕመም ጋር የሚመጣ ትንፋሽ ግን ለነገ የማይባል ነው፤ ያለ መዘግየት ጤና ተቋም መድረስን ይጠይቃል።

በባክቴሪያ ለሚመጣ የሳንባ ምች ዛሬ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ኦክስጅን አለ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኙት በ1928፣ ሰይድ መሐመድ ኢሚ ላይ ካረፉ ከስምንት ዓመታት በኋላ ነው።