አርተር ራምቦ

አርተር ራምቦ (ኦክቶበር 20 ቀን 1854 – ኖቬምበር 10 ቀን 1891 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ ባለቅኔ እና በሐረር የኖረ ነጋዴ ነበረ። ግጥም የጻፈው ከ15 ዓመት ዕድሜው እስከ 20 ዓመቱ ገደማ ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ተወው። ከ1880 ጀምሮ በኤደን እና በሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ እና ለአጭር ጊዜ የጦር መሣሪያ ነግዷል። ዛሬ ከዘመናዊ ግጥም መሥራቾች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በ2020 የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በፓንቴዮን ይቀበር ወይስ አይቀበር በሚል ሰፊ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሐረር ጀጎል ውስጥም በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ራምቦ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው ቻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሬዴሪክ ራምቦ በአልጄሪያ ያገለገለ የእግረኛ ጦር ሻምበል ሲሆን በ1860 ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። እናቱ ቪታሊ ኪዊፍ የገበሬ ልጅ ስትሆን ልጆቿን ብቻዋን በጥብቅ ሥርዓት አሳደገች። ራምቦ በትምህርቱ ጎበዝ ነበረ፤ በተለይ በላቲን ቋንቋ በሚጽፋቸው ግጥሞች ሽልማት አግኝቷል። ዦርዥ ኢዛምባር የተባለው መምህሩ መጻሕፍት እያዋሰ ወደ ሥነ ጽሑፍ እንዲያዘነብል ረዳው።

በ1870 በፈረንሳይ እና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ትምህርቱ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ከቤት ጠፍቶ በባቡር ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ሙሉ ቲኬት ስላልነበረው ተይዞ ታሰረ። ኢዛምባር ባደረገለት እርዳታ ከተፈታ በኋላም ከቤት መጥፋቱን አላቆመም።

የግጥም ዘመን

ራምቦ በ1871 በ16 ዓመቱ «ሰካራሟ ጀልባ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን ጻፈ። በዚያው ዓመት ግጥሞቹን ለታዋቂው ባለቅኔ ለፖል ቬርሌን ላከለትና ቬርሌን ወደ ፓሪስ ጠራው። በሁለቱ መካከል የፍቅር ግንኙነት ተጀመረ። በ1872 ቬርሌን ሚስቱንና ልጁን ትቶ ከራምቦ ጋር ወደ ብራሰልስ ቀጥሎም ወደ ለንደን ሄደ። ግንኙነታቸው ጠብ የበዛበት ነበር። በጁላይ 10 ቀን 1873 ብራሰልስ ውስጥ ቬርሌን ሰክሮ ሽጉጥ ተኮሰበትና እጁን አቆሰለው፤ በዚህም ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ራምቦ በዚያው ዓመት «አንድ ወቅት በሲኦል» የተባለውን መጽሐፉን ብራሰልስ ውስጥ አሳተመ። ራሱ ያሳተመው ብቸኛ መጽሐፍ ይህ ነው። የማተሚያውን ዋጋ ከፍሎ ስላልጨረሰ አብዛኛው ቅጂ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ቀረ፤ የተገኘውም ራምቦ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1901 ነው። «ኢሉሚናሲዮን» በሚል ርእስ የሚታወቁት የስድ ንባብ ግጥሞቹ ደግሞ በ1886 ያለ እሱ ተሳትፎ በፓሪስ መጽሔት ላይ ወጡ። በዚያን ጊዜ ራምቦ በታጁራ የግመል ቅፍለት እየጠበቀ ነበር።

ግጥም ከተወ በኋላ በአውሮፓ ብዙ አገሮች ተዘዋወረ። በ1876 በሆላንድ ቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ከሄደ በኋላ ከጦሩ ከድቶ ተመለሰ። በቆጵሮስም የድንጋይ ማውጫ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል።

ወደ ሐረር መምጣቱ

ራምቦ በኦገስት 1880 ኤደን ወደብ ደርሶ በአንድ የፈረንሳይ ቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጠረ። የድርጅቱ ኃላፊ አልፍሬድ ባርዴ በሐረር ቅርንጫፍ ሲከፍት ራምቦን ወደዚያ ላከው። ራምቦ ባሕሩን ተሻግሮ ከዘይላ ተነሣና ሃያ ቀን ያህል ተጉዞ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 26 ነበር።

ሐረር ለብዙ ዘመን በራሷ አሚሮች የምትተዳደር የእስልምና ትምህርት እና የንግድ ከተማ ነበረች። በ1875 ግን በራውፍ ፓሻ የተመራ የግብፅ ጦር ያዛት። ራምቦ ሲደርስ ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች። ድርጅቱ ከኦሮሞ፣ ከሶማሌ እና ከሐረሪ ነጋዴዎች ቡና፣ ቆዳ እና የዝሆን ጥርስ እየገዛ በግመል ወደ ዘይላ ይልክ ነበር።

በአጠቃላይ ራምቦ በሐረር ሦስት ጊዜ ኖሯል። የመጀመሪያው ከ1880 መጨረሻ እስከ 1881 መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከ1883 እስከ 1884፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ1888 እስከ 1891 ነው። በሁለተኛው ጊዜ የቅርንጫፉ ኃላፊ ነበረ። በ1883 ከፈረንሳይ ያስመጣውን ካሜራ ይዞ በሐረር ራሱን እና የከተማዋን ሰዎች ፎቶግራፍ አነሣ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ሶቲሮ የተባለው ግሪካዊ የሥራ ባልደረባው ወደ ኦጋዴን ተጉዞ ያመጣውን መረጃ መሠረት አድርጎ የጻፈው ዘገባም በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ዐረብኛ የተማረ ሲሆን ለቤተሰቡ በሚልከው ደብዳቤ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እንዲላክለት ጠይቋል።

በ1884 ግብፆች ሐረርን ለመልቀቅ ሲዘጋጁ ድርጅቱ ቅርንጫፉን ዘጋ፤ ራምቦም ወደ ኤደን ተመለሰ። በ1885 ግብፆች ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ የከተማዋን አስተዳደር ያዙ።

የጦር መሣሪያ ንግድ

በ1885 ራምቦ በሸዋ ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ፒየር ላባቱ ጋር ውል ተዋዋለ። ዓላማው በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸውን ጠመንጃዎች ገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መሸጥ ነበር። ቅፍለቱ በታጁራ አንድ ዓመት ያህል ቆመ። በዚህ መካከል ላባቱ ታምሞ ሞተ፤ አብሮ ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶሌዬም ሞተ። ራምቦ ብቻውን በ1886 መገባደጃ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ።

በዚያ ሰሞን ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት (1879 ዓ.ም.፣ በገና ሰሞን) አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ራምቦ ወደ እንጦጦ ሄዶ አገኛቸው። ወደ 2,000 የሚጠጉትን ጠመንጃዎች ምኒልክ ራምቦ ከጠበቀው ዋጋ በታች ገዙ፤ ላባቱ ነበረበት የተባለው ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ። ቀሪውን ገንዘብ ከአዲሱ የሐረር ገዥ ከደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) እንዲቀበል ተደረገ። ራምቦ ከአገር አሳሹ ዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ወደ ሐረር ተጓዘ። ስለ ጉዞው የጻፈው ጽሑፍ በኦገስት 1887 በካይሮ በሚታተም የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በሐረር

በሜይ 1888 ራምቦ ወደ ሐረር ተመልሶ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ። በኤደን ከሚገኘው ነጋዴ ከሴዛር ቲያን ጋር በሽርክና፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ከሚሠራው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ደግሞ በደብዳቤ ይሠራ ነበር። ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ እያስመጣ ቡና፣ ዝባድ፣ ቆዳ እና የዝሆን ጥርስ ይልክ ነበር። ከራስ መኮንን ጋር ጥሩ ቅርርብ ነበራቸው። ጃሚ ዋዳይ የተባለ የሐረር ወጣት አገልጋዩ ለዓመታት አብሮት ኖሯል።

በዚህ ጊዜ በፓሪስ ስሙ መታወቅ ጀምሮ ነበር። ቬርሌን በ1880ዎቹ ስለ እርሱ የጻፈው ጽሑፍ ወጣት ገጣሚዎች እንዲያነቡት አድርጓል። ራምቦ ግን በንግድ ሥራው ላይ ብቻ አተኩሮ ወደ ግጥም አልተመለሰም።

ሕመምና ሞት

በ1891 መጀመሪያ የቀኝ ጉልበቱን አመመውና መራመድ አቃተው። በኤፕሪል 7 ቀን 1891 በአሥራ ስድስት ሸካሚዎች ቃሬዛ ተሸክሞ ከሐረር ወጣ። ወደ ዘይላ ያደረገው ጉዞ ዝናብና ብርድ የተቀላቀለበት ሲሆን ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ በኤደን በኩል በመርከብ ወደ ማርሴይ ተወሰደ። በሜይ ወር መጨረሻ በማርሴይ ሆስፒታል ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ለአጭር ጊዜ ወደ እናቱ መንደር ቢመለስም ወደ ሐረር የመመለስ ሐሳቡን ይዞ ዳግመኛ ወደ ማርሴይ ሄደ። በሽታው ካንሰር ነበር። እኅቱ ኢዛቤል እያስታመመችው በኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ በቻርልቪል በቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ። ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጥ ተናዞ ነበር፤ ጃሚ ግን ገንዘቡ ሳይደርሰው ሞተ።

የባሪያ ንግድ ክስ

አየርላንዳዊቷ ተመራማሪ ኢኒድ ስታርኪ በ1937 ባወጣችው መጽሐፍ ራምቦ በባሪያ ንግድ ተሳትፎ እንደነበረ ጻፈች። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ማሪዮ ማቱቺ ማስረጃዎቹን መርምሮ በ1962 ይህን ውድቅ አደረገ፤ አብዛኞቹ ሊቃውንትም የማቱቺን ሐሳብ ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ራምቦ ለራሱ አገልግሎት ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልክለት ኢልግን በደብዳቤ መጠየቁና ኢልግም ጥያቄውን አለመቀበሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ የባሪያ ነጋዴ አለመሆኑ ቢታመንም በዘመኑ ከነበረው የባርነት ሥርዓት ነፃ ሰው አልነበረም።

የፓንቴዮን ክርክር

ፓንቴዮን በፓሪስ የሚገኝ፣ ቮልቴር፣ ረሶ፣ ቪክቶር ሁጎ፣ ኤሚል ዞላ እና ማሪ ኩሪ የተቀበሩበት ሕንፃ ነው። በአሁኑ ሥርዓት ማን እንደሚገባ የሚወስነው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። በሴፕቴምበር 2020 ራምቦ እና ቬርሌን አብረው ወደ ፓንቴዮን እንዲዛወሩ የሚጠይቅ አቤቱታ ቀረበ። ከፈራሚዎቹ መካከል በርካታ የቀድሞ የባህል ሚኒስትሮች ይገኙበታል፤ በወቅቱ የነበሩት የባህል ሚኒስትር ሮዝሊን ባሽሎም ደገፉት።

ደጋፊዎቹ ሁለቱ የፈረንሳይኛን ግጥም እንደለወጡ፣ በፍቅራቸውም ምክንያት በዘመናቸው እንደተገፉ፣ ስለዚህ ክብሩ እንደሚገባቸው ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ራምቦ በሕይወቱ ከመንግሥት ክብርና ከሥርዓት የሸሸ ሰው ስለነበረ ይህ ከእርሱ ጋር አይሄድም አሉ። የቤተሰቡ ወገኖች ከቻርልቪል መቃብሩ መነሣቱንም፣ ከቬርሌን ጋር መጣመሩንም ተቃወሙ። ሁለቱ የተለያዩት ገና በወጣትነቱ ሲሆን ከዚያ በኋላ ራምቦ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረው በሌላ ሥራና በሌላ አገር ነው። በጃንዋሪ 2021 ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን የቤተሰቡን ፍላጎት በማክበር ጥያቄውን እንዳልተቀበሉ ታወቀ።

በሐረር ያለው መታሰቢያ

የሐረር ሰዎች «ራምቦ ቤት» የሚሉት ሙዚየም በጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎች በሚሠሩበት መኪና ግርግር በተባለው መንገድ አካባቢ ይገኛል። በቀለማት ያሸበረቁ መስኮቶች ያሉት ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ራምቦ በዚህ ቤት አልኖረም። ቤቱ በፈረንሳይ እርዳታ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። በውስጡ የራምቦን ሕይወት የሚያስረዱ ጽሑፎች እና የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ይታያሉ። ሐረር ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ራምቦ ለሐረር መታሰቢያ የሚገባው ሰው ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በፓሪስ ከተነሣው የተለየ ነው። በፓሪስ ክርክሩ ስለ ግጥሞቹ ነበር፤ ከእነዚያ ግጥሞች ግን አንድም በሐረር አልተጻፈም። ሐረር የምታውቀው ቡና ገዝቶ የሚልከውን፣ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠውን ነጋዴ ነው። በሌላ በኩል የ1883 ፎቶግራፎቹ ከከተማዋ ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል የሚቆጠሩ ሲሆን ደብዳቤዎቹም የከተማዋን ገበያ፣ የግብፆችን አስተዳደርና የቅፍለት ንግድን ለሚያጠኑ ሰዎች ምንጭ ሆነዋል። በሥራው ምክንያት ብዙ የውጭ አገር ጎብኚዎች ስለ ሐረር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ከራምቦ ታሪክ ነው።

የከተማዋ ሰዎች ከእርሱ በፊት የሚያከብሯቸው ሌሎች ናቸው። የሐረር አባት የሚባሉት ሼክ አባድር እና ጀጎልን እንዳሠሩ የሚነገርላቸው አሚር ኑር በጀጎል ውስጥ የሚጎበኙ መቃብሮች አሏቸው። መታሰቢያ ሁሉ ግን ጸንቶ አይኖርም። ራምቦ ገንዘቡን የተቀበለባቸው የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልት በሐረር ለብዙ ዓመታት ከቆመ በኋላ፣ የራምቦ የፓንቴዮን ጥያቄ በቀረበበት በዚያው በ2020፣ በተነሣ ሁከት ፈርሷል። ራምቦ ቤት ግን ለጎብኚዎች ክፍት ሆኖ ቀጥሏል።