ቱሊዮ ካምፓኞሎና የኋላው ጎማ ዘንግ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረችው ባሕር ዳር መሬቷ ደልዳላ፣ አውራ ጎዳናዎቿም ሰፋፊ በመሆናቸው በብስክሌት ተጠቃሚዎቿ ብዛት ስማቸው ከሚነሣ የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል፤ ዕቃም ሰውም ከኋላ ይጫናል። ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለተራራና ለኮረኮንች መንገድ ተብሎ የተሠራው ብስክሌት በርክቷል። ከዚህ ዓይነት ብስክሌት ብልሽቶች አንዱ የኋላው ጎማ ዘንግ እየላላ ማስቸገሩ ነው። የተለመደው መፍትሔ ዳዶውን በረጅም ቁልፍ አጥብቆ ማሠር ሲሆን፣ ብዙ ሳይቆይ ዘንጉ እንደገና ይላላል። ካቴናው የዘንጉን ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ስለሚስበው ጎማው ተጣሞ ከግራው የብስክሌቱ አካል ጋር ይፋተጋል፤ ነገሩ በቁልቁለት ወይም በመኪና መካከል የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

በጥገናው ሥራ የሚነገሩት ጎማ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ፒንሳ የተባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። የብስክሌት ዘንግ እንዴት እንደሚታሠርና እንደሚፈታ ሲመረምር ዕድሜውን የፈጀው ሰውም የዚያው አገር ተወላጅ ነበር። ሰውየው ቱሊዮ ካምፓኞሎ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካምፓኞሎ በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው በቪቼንዛ ከተማ በ1901 ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ስለነበራቸው፣ ቱሊዮ ያደገው በብሎንና በመሣሪያ መካከል ነው። ጎልማሳ በሆነ ጊዜ በ1920ዎቹ በአማተርነት የብስክሌት ተወዳዳሪ ሆነ። በዚያ ዘመን የነበረው የመወዳደሪያ ብስክሌት እንደ ዛሬው በማንሻ ማርሽ የሚቀየርለት አልነበረም። በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ መጠናቸው የተለያየ ባለ ጥርስ መንኮራኩሮች ይገጠሙ ነበር። ተወዳዳሪው ዳገት ሲደርስ ይወርድና ዘንጉን ያሠሩትን ሁለት ባለ ክንፍ ዳዶዎች ፈትቶ፣ ጎማውን ገልብጦ፣ ካቴናውን አስተካክሎ እንደገና ያሥራል። ቁልቁለት ሲደርስም ይህንኑ ይደግማል።

በኅዳር ወር 1927 በዶሎሚቲ ተራሮች በሚገኘው በክሮቼ ዳውኔ መተላለፊያ ላይ ካምፓኞሎ ያጋጠመው ችግር በብስክሌት ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። እንደሚተረከው ቀኑ በረዶ የሚጥልበት ነበር፤ ካምፓኞሎ ጎማውን ለመገልበጥ በወረደ ጊዜ ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ስለነበረ የደረቁትን ዳዶዎች መፍታት ተሳነው፤ ሌሎቹም ጥለውት ሄዱ። ትረካው ከጊዜ ብዛት የተዋበ ሊሆን ይችላል። ካምፓኞሎ የበለጠ ጠንካራ ቁልፍ ወይም የተሻለ ጓንት ፍለጋ አልሄደም። ዘንጉ ራሱ የሚታሠርበትን ዘዴ መረመረ።

በ1930 የፈጠራ መብት እንዳስመዘገበበት የሚነገርለት መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ዘንጉ ከውስጥ ክፍት ይሆንና ቀጭን ዘንግ ያልፍበታል። በቀጭኑ ዘንግ አንድ ጫፍ ማስተካከያ ዳዶ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ መሽከርከሪያው ከመሐሉ ፈንጠር ያለ ክብ፣ ማለትም ካም፣ ከነማንሻው ይገጠማል። ማንሻው ሲታጠፍ ካሙ ቀጭኑን ዘንግ ይስበውና የብስክሌቱን አካል በሁለቱም ወገን አጣብቆ ይይዛል። ማንሻው ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ቁልፍም ዳዶ መፍታትም አያስፈልግም።

የመሣሪያው ቁም ነገር መፍጠኑ ብቻ አይደለም። የተወጠረው ቀጭን ዘንግ እንደ ምንጭ ብረት ሆኖ የማጣበቂያውን ኃይል ጠብቆ ያቆያል። ብሎን የሚላላው በአብዛኛው በጽናት ማነስ ሳይሆን፣ የተጣበቁት ገጾች በጎን ግፊት ትንሽ በትንሹ ሲንሸራተቱ መሆኑን ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 ባቀረበው ጥናት አስረድቷል። መንሸራተቱን የሚያግደው የማጣበቂያው ኃይል ነው፤ ገጾቹ በትክክል ካልተገናኙ ግን ዳዶውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ኃይሉ የሚፈለገው ቦታ አይደርስም።

ካምፓኞሎ በ1933 በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። ሥራው የተጀመረው በአባቱ ሱቅ ጓሮ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በጥቂት እጆች ብቻ የሚካሄድ ነበር። ከዚያም ካምቢዮ ኮርሳ የተባለውን ማርሽ መለወጫ ሠራ። በዚህ መሣሪያ ተወዳዳሪው ሳይወርድ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በአንዱ ማንሻ ዘንጉን ያላላል፣ በሌላው ካቴናውን ያሻግራል፣ ከዚያም ዘንጉን መልሶ ያጠብቃል። ካቴናው እንዳይረግብ ዘንጉ ባለ ጥርስ በሆነው ማረፊያው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንከባለላል። ጂኖ ባርታሊ የ1948ቱን የፈረንሳይ ዙር ያሸነፈው በዚህ ዓይነት መለወጫ ነበር። ሆኖም በሩጫ ላይ ዘንግ ማላላት አስጊ ስለሆነ፣ ካምፓኞሎ የራሱን ሥራ በራሱ ሻረው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ግራን ስፖርት ካቴናውን የሚያሻግረው ትይዩ ጎኖች ባሉት ተጣጣፊ ክንድ ሲሆን፣ ዘንጉ ከዚያ ወዲህ በቦታው ጸንቶ እንዲቆይ ተደረገ።

ድርጅቱ ከብስክሌት አልፎ ለመኪና የሚሆን የማግኒዥየም ቸርኬ እስከ መሥራት ደርሷል። ካምፓኞሎ በ1983 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። የተራራ ብስክሌት ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ በዓለም መሰራጨት የጀመረው በዚያው ዘመን ነው፤ የካምፓኞሎ ማንሻም ወደዚህ ብስክሌት ተሻገረ። ማንሻው ይሻገር እንጂ አጠቃቀሙ በየቦታው አብሮ አልተሻገረም።

ለዘንግ መላላት ምክንያት የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። አንደኛው ማንሻውን እንደ ባለ ክንፍ ዳዶ ማዞር ነው፤ መታጠፍ እንጂ መዞር የለበትም። ሁለተኛው የዘንጉ ጫፍ ከማረፊያው ውፍረት አልፎ መውጣቱ ነው። ጫፉ ካለፈ ማጣበቂያው የሚይዘው የብስክሌቱን አካል ሳይሆን ዘንጉን ራሱን ይሆናል። በተለመደው የተራራ ብስክሌት በሁለቱ የመቆለፊያ ዳዶዎች ውጫዊ ገጾች መካከል ያለው ርቀት 135 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ዘንጉ በእያንዳንዱ ወገን ሊያልፍ የሚገባው 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛው የኩሽኔታው ሾጣጣ ዳዶና የመቆለፊያው ዳዶ እርስ በርሳቸው አለመቆለፋቸው ነው። በተለይ የቀኙ ወገን በባለ ጥርስ መንኮራኩሮቹ ሥር ስለሚደበቅ ሳይነካ ይቀራል፤ መንኮራኩሮቹ ወልቀው አስቀድሞ እርሱ መቆለፍ አለበት። አራተኛው የዘንጉ መጣመም ነው። መንኮራኩሮቹ በሞዞው ላይ በጥርስ በሚጠመዱበት በአሮጌው አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከማረፊያው ርቆ ስለሚቀመጥ፣ 10 ሚሊሜትር ብቻ የሆነው ዘንግ ከኋላ ሰው ሲጫንበት ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ይለወጣል እንጂ አይጠብቅም። በዛሬዎቹ ምርጥ የተራራ ብስክሌቶች ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር አልፎ በቀጥታ በብስክሌቱ አካል ውስጥ የሚጠመድ ወፍራም ዘንግ እየሆነ የመጣውም ስለዚህ ነው።

በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 ከተከፈተ ጀምሮ የብረታ ብረት ሙያ በሐይቁ ዳርቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁንና ስለ ማጣበቂያ ኃይል በክፍል የሚነገረው ትምህርት በዛፍ ጥላ ሥር ለሚሠራው ጠጋኝ ገና በሚገባ አልደረሰም። የካምፓኞሎ ሥራም የተጀመረው ከአንድ ሱቅ ጓሮ እንጂ ከትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። የሚላላውን ዘንግ ለማዳን የሚያስፈልገው ሁለት ስስ ቁልፍ፣ አንድ ማስመሪያና መላላቱ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ወደ ጠጋኙ ዘንድ ማድረስ የማኅበሩ አባላት ሥራ ነው።