የታመመው ልጅና ባለ ምርኩዙ ወንበዴ፤ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ሕይወት

በማደሪያችን ሳሎን ከእራት በኋላ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ እግር ኳስ ነው። አንድ ምሽት ግን ነገሩ ወደ ልብ ወለድ ዞረና እስከ እኩለ ሌሊት አስቀመጠን። በጀብዱና በምናብ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አይጠፉም። አንደኛው ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው፥ እየወደቀና እየተነሣ የሚያድግ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው አነጋገሩ ያማረ፥ ሁኔታው ሁሉ ዓይን የሚስብ ክፉ ሰው ነው። አንድ ጓደኛችን፥ አንባቢ ሁሉ በአፉ ልጁን በልቡ ግን ክፉውን ይወዳል ብሎ ተነሣና ሊረታን ምንም አልቀረው። ምስክር አድርጎ ያቀረበውም «ትሬዠር አይላንድ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን አንድ እግር ወንበዴ፥ ሎንግ ጆን ሲልቨርን ነው። እኔ በዚያች ሌሊት መልስ አጣሁ። ኋላ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ሳገላብጥ ግን መልሱ ከመጽሐፉ ይልቅ በሰውየው ኑሮ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁትና እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በኖቬምበር 13 ቀን 1850 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ተወለደ። ለአባቱና ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩ የባሕር ዳር የመብራት ግንቦችን በመሥራት የታወቀ የመሐንዲሶች ቤተሰብ ነው። አያቱ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ በሚውጠው በቤል ሮክ ዐለት ላይ ግንብ ያቆሙ ሰው ናቸው፤ አባቱ ቶማስ ስቲቨንሰንና አጎቶቹም ያንኑ ሥራ ወረሱ። እንግዲህ የዚህ ቤት ልጅ በጀልባ እየተንሳፈፈ፥ በድንጋይና በማዕበል መካከል እየዋለ ስመ ጥር መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው።

ልጁ ግን ሳንባው ደካማ ሆነና የልጅነቱን ዘመን ከፊሉን በአልጋ ላይ አሳለፈው። ሌሊት ሌሊት ሳል ሲያስጨንቀው አጠገቡ የምትቀመጠው ሞግዚቱ አሊሰን ከኒንግሃም ነበረች። እርስዋም ሃይማኖትዋን የምታጠብቅ ሴት ስለ ነበረች መጽሐፍ ቅዱስን፥ ስለ እምነታቸው የተሰደዱ የስኮትላንድ ሰዎችን ታሪክና የሲኦልን ነገር ታነብለት ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነው የሙሴን ታሪክ በቃሉ እየተናገረ እናቱን አስጻፈ። በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ቁም ሣጥን ነበር። የሠራው ዊልያም ብሮዲ የተባለው የኤዲንብራ አናጢ ነው። ይህ ሰው ቀን የከተማው ምክር ቤት አባልና አማረብኝ የሚል የተከበረ ሰው ሲሆን፥ ሌሊት የሌላውን ሰው ቤት የሚሰረስር ሌባ ሆኖ ተገኝቶ በ1788 በስቅላት ተቀጣ። በትኩሳት የሚቃጠል ሕፃን በጨለማ ያን ቁም ሣጥን እያየ ምን ያስብ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

በ1867 የምሕንድስና ትምህርት ሊማር ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በክፍል ውስጥ የሚታየው አልፎ አልፎ ነበር፤ ይልቁንም የቬልቬት ኮቱን ለብሶ በከተማው መጠጥ ቤቶች ይዞር ነበር። (ይህን የምጽፈው አርአያ ይሁን ብዬ አይደለም።) በ1871 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የተማሪዎች መጽሔት አቋቋመ። የመጀመሪያውን ቁጥር አራቱም ሆነው በታላቅ ግርግር አዘጋጁት፤ ሁለተኛው በሁለት ሰዎች ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ሦስተኛውን እርሱ ብቻውን አወጣው፤ የአራተኛው አዘጋጅ ማን እንደ ነበረ ግን ኋላ ራሱም በቀልድ ይጠይቅ ነበር። አምስተኛ ቁጥር የለም። በስቴንስል ቀለም እጃቸው የጠቆረ የዚህ መጽሔት ባልደረቦች ይህን አንብበው ይጽናኑ።

በዚያው ዓመት ስለ መብራት ግንቦች ላቀረበው ጥናት የብር ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ መሐንዲስ እንደማይሆንና ደራሲ ለመሆን እንደሚሻ ለአባቱ ገለጸ። አባትዬው እጅግ አዘኑ። በመጨረሻ ሕግ እንዲማር ተስማሙና በ1875 ጠበቃ ሆነ፤ ሥራውን ግን ከቶ አልሠራበትም ማለት ይቻላል።

ለነገራችን ዋና የሆነው ሰው የመጣው በዚሁ በ1875 ነው። ሐያሲው ሌዝሊ ስቲቨን ወደ ኤዲንብራ ሲመጡ ስቲቨንሰንን ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰዱትና ከአንድ በሽተኛ ጋር አስተዋወቁት። በሽተኛው ዊልያም ኧርነስት ሄንሊ የሚባል ባለቅኔ ነበር። የአጥንት ነቀርሳ ይዞት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል፤ ሁለተኛው እግሩም ሊቆረጥ ሲል ታላቁ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር አድኖለታል። ሄንሊ ትከሻው ሰፊ፥ ጢሙ ቀይ፥ ሳቁ ቤት የሚያናውጥ ሰው ነበር። በምርኩዝ እየሄደ ሁለት እግር ካላቸው ሰዎች ይልቅ ክፍሉን ይሞላው ነበር። ቀጭኑና ሳሉ የማይለቀው ስቲቨንሰን በዚህ ሰው ተማረከ። አብረው ቴያትር ጻፉ፤ ካባለታሪኮቻቸውም አንዱ ያ ቁም ሣጥን ሠሪው ብሮዲ ነው።

በ1876 በፈረንሳይ አገር ፋኒ ኦዝቦርን የምትባል፥ ልጆች ያሏትንና በዕድሜ አሥር ዓመት የምትበልጠውን አሜሪካዊት አገኘ። በ1879 እርስዋን ተከትሎ በመርከብና በባቡር እስከ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በመንገድም ሊሞት ጥቂት ቀረው። በ1880 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተጋቡ።

በ1881 ክረምት በብሬማር፥ በስኮትላንድ ደጋ አገር ቤት ተከራዩ። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ስቲቨንሰንም እንደ ልማዱ ታሞ ነበር። የእንጀራ ልጁ ሎይድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረና ከቤት መውጣት ስላልተቻለ ሥዕል እየሣሉ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ደሴት ካርታ ተሣለ። ስቲቨንሰን ካርታውን አተኩሮ ሲያይ በደኑ መካከል ሰዎች ሲንቀሳቀሱ የታዩት መሰለው። በማግሥቱ መጻፍ ጀመረ፤ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ እየጻፈ ለቤተሰቡ ያነብ ነበር። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ የአባቱ ነገር ነው። ልጃቸው ደራሲ እሆናለሁ ቢላቸው ልባቸው የተሰበረው መሐንዲስ እንደ ሕፃን ተደስተው፥ በታሪኩ ውስጥ ባለው የመርከበኛ ሣጥን ምን ምን ዕቃ እንደሚገኝ በወረቀት ዘርዝረው ሰጡ፤ የወንበዴዎቹን የድሮ መርከብም «ዋልረስ» ብለው ስም አወጡላት። ከአሥራ አምስት ምዕራፍ በኋላ ግን ደራሲው ብዕሩ ደረቀበት። የቀረውን የጨረሰው ለሳንባው ሲል በሄደበት በስዊስ አገር፥ በዳቮስ ነው። ታሪኩ በመጀመሪያ «ያንግ ፎክስ» በተባለው የልጆች ጋዜጣ ካፒቴን ጆርጅ ኖርዝ በሚል የብዕር ስም ወጣ፤ ብዙም አልተወራለትም። በ1883 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ግን አዋቂዎች ሳይቀሩ ተሻሙበት። የተከፈለው አንድ መቶ ፓውንድ ነው።

ታሪኩን ላላነበበ ሰው፦ ጂም ሆኪንስ የአንድ ባሕር ዳር መጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። አባቱ ይሞታል፤ የተቀበረ ሀብት የሚያሳይ ካርታ በእጁ ይገባል፤ ከትልልቅ ሰዎች ጋርም ሀብቱን ፍለጋ በመርከብ ይጓዛል። ሲልቨር የመርከቡ ወጥ ቤት ሆኖ የገባ፥ በስውር ግን የወንበዴዎቹ አለቃ ነው። ግራ እግሩ ከዳሌው የተቆረጠ ቢሆንም በምርኩዙ እንደ ወፍ ይዘላል፤ በትከሻው በቀቀን ያሳርፋል፤ እንደ ሌሎቹ ወንበዴዎች አይሰክርም፤ ገንዘቡን ባንክ ያስቀምጣል። ልጁንም እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሙሉ ሰው ያነጋግረዋል። ማን አይወደው? ጂምም ወደደው።

ጓደኛችን የዘነጋው ነገር ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጂም ፖም ሊያወጣ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሳለ ሲልቨር ከውጭ ተቀምጦ ሌላ ወጣት መርከበኛን ወደ ሤራው ሲያግባባ ይሰማዋል። የሚያግባባውም ለጂም ይነግረው በነበረው በዚያው የሙገሳ ቃል ነው! ልጁን ያናደደው ሞት መደገሱ ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ የመሰለው ክብር ለመጣ ለሄደው የሚታደል መሆኑ ነው። የሲልቨር ለዛ የገበያ ገንዘብ ነው። ደሴቱ ላይ ከደረሱ በኋላም አልተባበርም ያለውን መርከበኛ በምርኩዙ ወርውሮ ጥሎ በካራ ሲጨርሰው ጂም ተደብቆ ያያል፤ ራሱንም ይስታል።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ያድጋል። ትእዛዝ ጥሶ ይወጣል፤ በትንሽ ጀልባ ሄዶ የመርከቡን ገመድ ይቆርጣል፤ ሊገድለው የመጣውንም ሰው ይገድላል። በድፍረትና በብልሃት ሲልቨርን መምሰሉ ነው። የሚለይበት ስፍራ አንድ ነው። በወንበዴዎቹ እጅ ወድቆ ሳለ ዶክተር ሊቭዚ አጥሩን ዘልሎ እንዲያመልጥ ይለምነዋል። ጂም ግን እንዳያመልጥ ለሲልቨር ቃሉን ሰጥቷልና እንቢ ይላል። ሲልቨር በበኩሉ በዚያች አንዲት ቀን ስንት ጊዜ ወገን እንደ ለወጠ ቆጥሬ አልጨረስኩም። ቃሉን ለማይጠብቅ ሰው ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ! ለእኔ የመጽሐፉ ከፍተኛ ቦታ ከሀብቱ መገኘት ይልቅ ይህ ነው።

አሁን ወደ መልሱ እመጣለሁ። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ስቲቨንሰን ለሄንሊ ደብዳቤ ጽፎ፥ ሲልቨርን ያስገኘው የእርሱ አካለ ጎደሎ ሆኖ ሳለ ኀይለኛነቱ መሆኑን ገለጸለት። ከዓመታት በኋላም አሠራሩን በድርሰት አብራራው፦ የሚያደንቀውን ወዳጁን ወስዶ፥ መልካሙንና የከበረውን ጠባይ ሁሉ ከላዩ ገፍፎ፥ ጉልበቱን፥ ድፍረቱን፥ ቅልጥፍናውንና ተጫዋችነቱን ብቻ ተወለት። እንግዲህ በሲልቨር የምንወደው ሁሉ ከአንድ ሕያው ሰው፥ ያውም ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ቅኔ ከጻፈ ሰው የተወሰደ ነው። ክፋቱ ያመጣው ውበት የለም፤ ክፋቱ የተፈጠረው በመቀነስ ነው። እኛም ሲልቨርን ስንወድ ሳናውቅ ሄንሊን እንወዳለን። ጂም ደግሞ፥ በእኔ አስተያየት፥ ያ በአልጋ ላይ የቀረው የመሐንዲስ ልጅ ራሱ ነው።

በ1886 «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» ወጣ፤ በዚህ ክፉው ሰው ምንም ለዛ የለውም። በ1887 አባቱ ሲሞቱ ስቲቨንሰን ከአገሩ ወጣና ተመልሶ አላያትም። በኒው ዮርክ ግዛት ብርድ ውስጥ፥ በሳራናክ ሌክ «የባላንትሬ ጌታ»ን ጀመረ። በ1889 የታተመው ይህ መጽሐፍ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ታላቁ ጄምስ መልከ መልካም፥ አንደበተ ርቱዕና ጨካኝ ነው፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ታናሹ ሄንሪ የተናቀ፥ ታማኝ ሰው ነው። ግን ሄንሪ እንደ ጂም አያድግም። ወንድሙን በመጥላት ብቻ ይኖርና ከእርሱ የማይሻል ሰው ይሆናል፤ በአንድ መቃብርም ይቀበራሉ። ከሲልቨር መጽሐፍ ጋር አብሮ ይነበብ ዘንድ እመክራለሁ፤ ቢሆንም ፈተና ሲቃረብ አይጀመርም፥ ያስጨንቃል።

ይህን ሲጽፍ ሳለ በ1888 ሄንሊ ደብዳቤ ላከለት። ፋኒ ያሳተመችው አጭር ታሪክ ከስቲቨንሰን የአጎት ልጅ የተወሰደ ነው የሚል ነበር። ስቲቨንሰን ስለ ሚስቱ ክብር ተቆጣ፤ ወዳጅነታቸውም ፈረሰ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡን ይዞ በመርከብ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሄደ፤ በሳሞአ ደሴት መሬት ገዝቶ ቫይሊማ የተባለውን ቤቱን ሠራ። የአገሩ ሰዎች ቱሲታላ፥ ማለት ታሪክ ነጋሪ አሉት። በአውሮፓ ኀይሎች ሽኩቻ መካከል የአለቃ ማታአፋን ወገን ደገፈ፤ የታሰሩትንም ባላባቶች ይጠይቅና ይመግብ ነበር። እነርሱም በ1894 ሲፈቱ በገዛ እጃቸው እስከ ቤቱ መንገድ ጠረጉለት። በዲሴምበር 3 ቀን 1894 ምሽት ከሚስቱ ጋር እራት ሲያሰናዳ ደም በጭንቅላቱ ፈስሶ ወደቀ፤ በዚያችው ሌሊትም በአርባ አራት ዓመቱ ሞተ። ሳሞአውያን በማግሥቱ በቫኤአ ተራራ ላይ ደን መንጥረው አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው ከጫፉ ላይ ቀበሩት።

ሄንሊ በ1901 ስለ ሟቹ ወዳጁ የጻፈው መራራ ጽሑፍ ብዙ ሰው አስቀየመ። እርሱ ያወቀው ስቲቨንሰን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች የሚሥሉት ቅዱስ እንዳልሆነ ነበር የጻፈው። በ1903 ሞተ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ነገርኩት። ሄንሊን እንጂ ሲልቨርን አልወድም ማለት አሁንም አልሆነለትም፤ ግን «የባላንትሬ ጌታ»ን ተውሶኝ ሄዷል። እስካሁንም አልመለሰልኝም።