ዳባዲ ቦንጋ ደርሶ ነበር ወይ?

ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ቦንጋ ሄጄ አራት ቀን ሰነበትኩ። ማታ ማታ ባረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ላይ ቡና እየተፈላ ጨዋታ ይደራል፤ የካፋ ቡና ደግሞ ጨዋታ ያስረዝማል። በሦስተኛው ምሽት ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ፣ በየት በኩል እንደዞረ እንጃ፣ የመሬት ቅርጽ ላይ ደረሰ። አንድ ኮሌጅ የጨረሰ ወጣት መሬት ዝርግ ናት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። እኔም የዋሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ያነሡትን፣ አፍሪካና ዐረቢያ ቁልጭ ብለው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። ሳቀና ፎቶግራፉ ሲነሣ እዚያ እንደነበርኩ በአክብሮት ጠየቀኝ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በኋላ ካወጣቸው ምስሎች አንዳንዶቹ ከብዙ ቁርጥራጭ የተገጣጠሙ መሆናቸውንም ጨመረልኝ። በዚህስ ልክ ነው፤ የ2002ቱ ምስል የተገጣጠመ ነው፣ ድርጅቱም አልደበቀም። የ1972ቱ ግን በአንድ ጊዜ በፊልም የተነሣ ነው ብለው ማን ይስማኝ!

ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው ማለት ይቀናዋል። እኔም አልኩ። ልጁ ግን ፎቶግራፉን በማስረጃነት ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ትክክለኛነቱን የማስረዳውም እኔ መሆኔን አስታወሰኝ። ጥሩ ጠበቃ ይወጣዋል። መልስ አጥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም መሬት ክብ መሆኗን የማውቀው የነገሩኝን አምኜ እንጂ ለክቼ አይደለም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ ያለኝ አንትዋን ዳባዲ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በብራና መጻሕፍት ሰብሳቢነቱ ነው። እኔን ያን ሌሊት የከነከነኝ ግን ሌላ ታሪኩ ነው፤ እኔ የተኛሁባትን ይህችኑ ቦንጋን አይቻለሁ በማለቱ በአውሮፓ አደባባይ ውሸታም የተባለ ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳባዲ በ1810 ደብሊን ተወለደ። እናቱ አይሪሽ፣ አባቱ ከባስክ ወገን የሆነ ፈረንሳዊ ነው። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ገና ልጅ ነበር። ለትምህርትም ለጉዞም የሚበቃ ሀብት ስለነበረው የሰው እጅ አላየም። በ1838 ምጽዋ ላይ ወርዶ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ደጋው ወጣ፤ በመካከል ወደ አውሮፓ ደርሶ ከመመለሱ በቀር እስከ 1848 ድረስ በእኛው አገርና በአካባቢው ቆየ። ታናሽየው አርኖ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ የጦር ሰው ሆነ። ታላቅየው እንደ አገሩ ሰው ለብሶ ቋንቋ ይማራል፣ ብራና ይገዛል፣ ማታ ማታ ኮከብ ይለካል። የፈረንሳይ ሰላይ ናቸው ያሏቸውም አልጠፉም፤ ያን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው።

ዳባዲ ይዞት የሚዞረው መሣሪያ ቲዎዶላይት ነው፤ ዛሬ መንገድ ቀያሾች በሦስት እግር ላይ የሚያቆሙት ዓይነት። አንድ ተራራ ላይ ወጥቶ በዙሪያው ያሉትን ጫፎች አንድ በአንድ ያነጣጥርና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ይመዘግባል፤ ከዚያ ቀጣዩ ተራራ ላይ ወጥቶ እንደዚያው ያደርጋል። ከፍታውን ደግሞ ውሃ አፍልቶ በቴርሞሜትር ያገኘዋል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላልና። ከምጽዋ እስከ ካፋ ድረስ አገሩን በማዕዘን መረብ ሸፈነው ማለት ይቻላል።

ወደ ካፋ የገባው በ1843 ነው። ካፋ በዚያ ዘመን በሯን በዘበኛ የምታስጠብቅ፣ ለባዕድ የማትከፈት መንግሥት ነበረች። ጎረቤቷ የእናርያው ንጉሥ አባ ባግቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሚስት ያጭ ነበርና ሙሽራዪቱን ለማምጣት ከተላኩት ሰዎች ጋር ዳባዲም እንዲሄድ ፈቀደለት። እንዲህ ሆኖ ፈረንጁ ሚዜ ይሁን እድምተኛ ሳይታወቅ ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ ገባ። የቆየው ሁለት ሳምንት ያልሞላ ጊዜ ነው፤ ሙሽራዪቱን ይዘው ሲመለሱ እሱም አብሮ ተመለሰ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ በእነዚያው ዓመታት በሸዋና በጎጃም ዞሮ፣ ስለ ደቡቡ አገር ከነጋዴዎች ብዙ ጠይቆ ጽፏል። የዳባዲን ደብዳቤዎች ሲያነብ ቀኑ ከቀን፣ አቅጣጫው ከአቅጣጫ አልገጥም አለው፤ በ1850 ዳባዲ ካፋን በዓይኑ አላየም የሚል ጽሑፍ አሳተመ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች ክብር መስጠቱም ስላናደደው፣ ቀደም ሲል ለራሱ የሸለመውን የወርቅ ሜዳይ በ1851 መለሰላቸው። ቢክን እንደ ተራ ምቀኛ ማየት አይገባም። ጥያቄው የጠበቃ ጥያቄ ነበር፦ ማስታወሻህ የት አለ? ቀኑ ለምን ተምታታ? በሎንዶንና በፓሪስ የተቀመጠ ዳኛ ጎጀብን ተሻግሮ ሠርጉ ላይ የነበሩትን ሰዎች እንዳይጠይቅ መንገዱ የወራት ነው፣ የካፋም በር ዝግ ነው።

ዳባዲ በብዕር መልስ መስጠቱ አልቀረም። ዋናው መልሱ ግን ቁጥር ነበር፤ ለዚያውም የዘገየ ቁጥር። የኢትዮጵያ ልኬቱን ከሂሳብ አዋቂው ከራዳው ጋር አሰናድቶ ከ1860 ጀምሮ ማሳተም ጀመረና በ1873 ጨረሰ። የት ቆሞ፣ ምን አነጣጥሮ፣ ስንት ዲግሪ እንዳነበበ ሁሉ ተዘርግቷል። ይህን ስል ያ ወጣት ትዝ ይለኛል፤ ፎቶግራፍን እመኑኝ ብሎ ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ ወጥታችሁ ለኩና አጋልጡኝ ማለት ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አካባቢው የዘለቁ ተጓዦች በዓይኔ አየሁ ያለውን አላስተባበሉበትም። ቢክ በ1874 ሞተ፤ ያ ሥራ ታትሞ ባለቀ በዓመቱ መሆኑ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኔም ክርክር በተመቸኝ ነበር። ዳባዲ ግን በትልቁ ነገር ተሳስቷል። የዓባይ ምንጭ ወደ ካፋና እናርያ ግድም ነው ብሎ አምኖ በ1846 ከወንድሙ ጋር የጊቤ ምንጭ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይሄድም። በዚህ ነገር አጥብቆ የተቃወመው ያው ቢክ ነበር፤ በዚህም ትክክል ነበር። አንድ ሰው ማዕዘኑን በትክክል ለክቶ ወንዙን ሊስት ይችላል ማለት ነው። ዳኞች ይህ አይጠፋቸውም፦ ምስክሩ ያየውን በእውነት ይናገርና መደምደሚያው ላይ ይሳሳታል።

የቀረውን ዕድሜውን ላሳጥረው። የሰበሰባቸውን 234 ብራናዎች ዝርዝር በ1859፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1881 አሳተመ። በ1882 ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ሃይቲ ድረስ ሄደ። በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በባስክ አገር፣ አንዳይ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የኮከብ መመልከቻ ያለው ግንብ ሠርቶ ግድግዳውን በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በእኛው ፊደል አስጌጠው። ከሁሉ የምወድለት ቀዳዳውን ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለማወቅ የግንቡን ግድግዳዎች በአንድ መስመር አስበስቶ ወደ ሩቅ ተራራ አነጣጠረ። ምንም አልታየውም። ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ምንም እንዳላየበትና ምንም እንዳልተማረበት በባስክ ቋንቋ አስጻፈበት።

በመጋቢት 1897 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በዚያው ዓመት የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ዳባዲ በሠርገኛ ታጅቦ የገባበት በር ዳግመኛ እንደ ድሮው አልተዘጋም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወጣቱን ቁርስ ላይ አገኘሁትና ፎቶግራፉን እንደተውኩት ነገርኩት። ምጽዋ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 15 ዲግሪ ተኩል ግድም ከፍ ብላ ትታያለች፤ ጎንደር 12 ተኩል ግድም፣ ቦንጋ 7 ከትንሽ። በየ110 ኪሎ ሜትሩ አንድ ዲግሪ፣ ሳያዛንፍ። መሬት ዝርግ ብትሆን በራቅን ቁጥር ቅነሳው እያነሰ በሄደ፣ ኮከቧም ከዓይን ባልጠፋች ነበር፤ ናይሮቢ ላይ ግን የለችም። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። እህቱ ባሕር ዳር እንዳለች ነግሮኝ ስለነበር፣ ሲሄድ ሐይቁ ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን እንዲለካ፣ ኮከቧም ከቡጢው በላይ ብቅ እንደምትል፣ ቦንጋ ላይ ግን ቡጢው ውስጥ እንደምትቀር ነገርኩት።

የቦንጋ ኮረብታ ሰባት ዲግሪን እንደሚጋርድ ሳልነግረው አልቀረሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከባሕር ዳር ደወለልኝ፤ ሰማዩ ደመና ነው፣ ነገ እሞክራለሁ አለኝ።