ዓለምን በብረት ሣጥን ያስተሳሰሩት ማልኮም ማክሊን

ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያመራ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪ በጀርባው የተሸከመው ኮንቴይነር፣ ዕቃው ከተመረተበት ፋብሪካ ከተቆለፈ በኋላ ሳይከፈት መድረሻው ላይ ሊራገፍ ይችላል። ይህ አሠራር ዛሬ ተራ ነገር ቢመስልም እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዓለም የባሕር ንግድ ውስጥ የነበረው ቦታ እጅግ ውስን ነበር። አሠራሩን ወደ ሰፊ የንግድ ሥርዓት የለወጡት መርከበኛም መሐንዲስም ያልነበሩት አሜሪካዊው የትራንስፖርት ባለሀብት ማልኮም ማክሊን ናቸው።

ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1913 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ማክስተን በተባለች አነስተኛ ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ አገራቸው በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ስለነበረች ወደ ኮሌጅ የመግባት ዕድል አላገኙም። በነዳጅ ማደያ ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 በ120 ዶላር ያገለገለ የጭነት መኪና ገዝተው ከወንድማቸውና ከእህታቸው ጋር የማጓጓዣ ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአሜሪካ ታላላቅ የጭነት ትራንስፖርት ኩባንያዎች ተርታ ሊሰለፍ በቅቷል።

በዚያን ዘመን አንድ መርከብ የሚጫነው ጆንያው በጆንያ፣ በርሜሉ በበርሜል፣ በሰው ጉልበት ነበር። በመሆኑም መርከቦች ከጉዟቸው የማይተናነስ ጊዜ ወደብ ላይ ቆመው ያሳልፉ የነበረ ሲሆን የዕቃ ስርቆትና ብልሽትም የተለመደ ነበር። ማክሊን በእርጅና ዘመናቸው እንደተረኩት፣ የኮንቴይነር ሐሳብ የመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውጀርሲ ወደብ የጫኑት ጥጥ እስኪራገፍ ቀኑን ሙሉ ተራ ሲጠብቁ ነው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ቢነገርም አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1953 የባሕር ዳርቻ አውራ ጎዳናዎች በተሽከርካሪ መጨናነቃቸውና የመርከብ ተፎካካሪዎች በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሊሻሙ መቻላቸው ያሳሰባቸው መሆኑ የበለጠ አሳማኝ ነው።

የመጀመሪያ ዕቅዳቸው ተሳቢዎችን ከነጎማቸው መርከብ ላይ መጫን ነበር። ይሁንና ጎማው የሚይዘው ቦታ ባክኖ የሚቀር መሆኑን በመረዳት ሣጥኑን ብቻ ነጥሎ መጫንን መረጡ። የአገሪቱ ሕግ አንድ ባለሀብት የየብስና የባሕር ማጓጓዣን በአንድነት እንዲይዝ ስለማይፈቅድ በጭነት መኪና ድርጅታቸው የነበራቸውን ድርሻ ሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1955ም በከፍተኛ የባንክ ብድር የመርከብ ኩባንያ ገዙ። ሃያ ዓመት የደከሙበትን ትርፋማ ሥራ ለቅቆ ወደማያውቁት ዘርፍ መግባት በወቅቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲል ኤክስ የተባለችው የቀድሞ ነዳጅ ጫኝ መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ይዛ ከኒውአርክ ወደብ ወደ ሂውስተን ተንቀሳቀሰች። አንድ ቶን ዕቃ በተለመደው መንገድ ለመጫን ከ5 ዶላር ከ80 ሳንቲም በላይ ይጠይቅ የነበረ ሲሆን በአዲሱ አሠራር ወጪው ከ16 ሳንቲም ብዙም ያልራቀ ሆኖ ተገኘ። ሣጥኑን በራሱ ማክሊን አልፈለሰፉትም፤ የባቡርና የመርከብ ድርጅቶች ቀደም ብለው የተለያዩ ሣጥኖችን ሞክረዋል። የእርሳቸው ድርሻ መርከቡ፣ ክሬኑ፣ ተሽከርካሪውና ወደቡ በሣጥኑ ልክ እንዲደራጁ ማድረጋቸው ነው። በዚህ ሥራ የሣጥኑን ማዕዘንና መቆለፊያ የነደፉት መሐንዲሱ ኪት ታንትሊንገር የነበራቸው ሚና ከፍተኛ ቢሆንም ስማቸው እምብዛም አይነሳም።

ለውጡ ያለ ተቃውሞ አልተካሄደም። እ.ኤ.አ. በ1958 የፖርቶ ሪኮ የወደብ ሠራተኞች መርከቦቹን አናራግፍም በማለታቸው ሥራው ለወራት ተስተጓጉሏል። የሠራተኞቹ ስጋትም መሠረት ነበረው። በቀጣዮቹ ዓመታት በኒውዮርክ የማንሃተንና የብሩክሊን መትከያዎች ሥራ አጥተው የተዘጉ ሲሆን የለንደን ነባር ወደቦችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ጫኝና አውራጆች እንጀራቸውን ያጡ መሆኑ በኮንቴይነሩ የስኬት ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የማይገባው ገጽታ ነው።

ሲ ላንድ በሚል ስያሜ የታወቀው የማክሊን ኩባንያ 35 ጫማ ርዝመት ያላቸውን ሣጥኖች ይጠቀም ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ግን 20 እና 40 ጫማን ጨምሮ ሌሎች ልኬቶችን አጸደቀ። ማክሊን የራሳቸው ልኬት ባይመረጥም የመቆለፊያና የማዕዘን ንድፋቸውን የፈጠራ መብት ሌሎች በነጻ እንዲጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ1963 ለቀቁ። አንድ ኩባንያ ብቻውን የሚጠቀምበት ሣጥን ዓለም አቀፍ ንግድ ሊያስተናግድ እንደማይችል ተገንዝበው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ሮተርዳም መደበኛ ጉዞ የጀመሩ ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ወደ ቬትናም የጦር ሠራዊት ስንቅና ቁሳቁስ የማጓጓዝ ውል አገኙ። የአሜሪካ መንግሥት የደርሶ መልስ ዋጋ ይከፍል ስለነበረ ባዶ የሚመለሱት መርከቦች ከዮኮሃማ የጃፓን ምርት ጭነው እንዲመለሱ አደረጉ። የጃፓን ፋብሪካዎች ለአሜሪካ ገበያ የሚያመርቱት ዕቃ በርካሽ የሚጓዝበት መንገድ በዚህ አኳኋን ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኩባንያው ለትምባሆ አምራቹ ሬይኖልድስ በ530 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የማክሊን የግል ድርሻ 160 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎች የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው። ሲ ላንድ ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ወቅት በ33 ኖት ፍጥነት የሚጓዙ ስምንት እጅግ ፈጣን መርከቦችን አሠራ። መርከቦቹ ሥራ እንደጀመሩ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ተከሰተና ፍጥነታቸው ኪሳራ ሆነ፤ በመጨረሻም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሸጡ። ማክሊን ዩናይትድ ስቴትስ ላይንስ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ከገዙ በኋላ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። በ570 ሚሊዮን ዶላር በደቡብ ኮሪያው ዴው ያሠሯቸው 12 መርከቦች በግዝፈታቸው በዓለም አቻ ያልነበራቸው፣ ነዳጅ የሚቆጥቡና ዝግተኛ ነበሩ። ወደ ምሥራቅ አቅጣጫ ብቻ ዓለምን እየዞሩ እንዲያገለግሉም ታቀደ። ነገር ግን በአንድ ወደብ የደረሰ መዘግየት ቀጣዮቹን ሁሉ ያውክ ነበር፤ ከአሜሪካ ወደ ጃፓን የሚላክ ዕቃም በአውሮፓ በኩል ለመዞር ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ1986 የነዳጅ ዋጋ በርሜሉ ከ15 ዶላር በታች ሲወርድ የቁጠባው ጥቅም ጠፋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኩባንያው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ የመክሰር አቤቱታ አቀረበ። ነዳጅ ሲረክስ ይወደዳል ብሎ ያላሰበ፣ ሲወደድም ይረክሳል ብሎ ያልጠረጠረ ስሌት ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። መርከቦቹን ከጊዜ በኋላ በ160 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ማክሊን ራሳቸው የመሠረቱት ሲ ላንድ መሆኑ አስገራሚ ነው።

የባሕር በር ለሌላት አገራችን ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የገቢና ወጪ ንግዷ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ፣ የባሕር ትራንዚት አገልግሎትና የደረቅ ወደብ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ ተቋም ሥር የተዋሀዱት ዕቃን ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ኃላፊነት ለማጓጓዝ ነው። ማክሊን የየብሱንና የባሕሩን ማጓጓዣ አንድ ላይ ለመያዝ ሕግ ከልክሏቸው እንደነበረ ሲታሰብ የጊዜው ርቀት ጎልቶ ይታያል። በአንጻሩ ኮንቴይነሩ ከመርከብ በፍጥነት ወርዶ በጉምሩክ ሰነድ ወይም በተሽከርካሪ እጥረት ቀናት ከቆመ በባሕር ላይ የተቆጠበው ወጪ በየብስ ይበላል።

ማክሊን ከውድቀቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከሕዝብ ዕይታ ርቀው ቆዩ። ይሁንና በ70ዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ከፍሎሪዳ ወደ ፖርቶ ሪኮ የሚያጓጉዝ አዲስ ኩባንያ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2001 በኒውዮርክ መኖሪያ ቤታቸው በ87 ዓመታቸው አርፈዋል። በሥርዓተ ቀብራቸው ዕለት በተለያዩ የዓለም ክፍሎች የነበሩ ኮንቴይነር ጫኝ መርከቦች ጥሩምባቸውን አሰምተዋል።